የልደት ድግሱ ጽሑፋችሁ ፊሊፒኖችን በድሏል

ለጋዜጣው አዘጋጆች፣ ጤና ይስጥልኝ።

ስለ ልጆች ልደት ድግስ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ጓደኛዬ በቴሌግራም ልካልኝ አነበብኩት። ጸሐፊው አዲስ አበባ ውስጥ አዳራሽ ተከራይቶ፣ ፊኛ አሰቅሎ፣ ፎቶ አንሺና ቪዲዮ ቀራጭ ቀጥሮ የልጅ ልደት ማክበር መብዛቱ አብግኗቸዋል። በዚህ አልጣላቸውም። እኔን ያበገነኝ መሃል ላይ ጣል ያደረጓት ነገር ናት። እንደ ፊሊፒንስ ያሉ ድሃ አገሮች ለአንድ ልጅ ልደት ዕዳ ውስጥ እንደሚዘፈቁ፣ እኛም ወደዚያው እያመራን እንደሆነ ጽፈው አለፉ። በቃ። ለምን እንደሚደግሱ፣ ማን እንደሚደግስ፣ ድግሱ ላይ ምን እንደሚደረግ አንዲት ቃል የለም።

እኔ የምኖረው ዱባይ ነው፣ ዲራ። ውሎዬም አዳሬም ከፊሊፒኖች ጋር ነው። የምሠራበት የውበት ሳሎን ውስጥ ከእኔና ከአንዲት ኔፓላዊት በስተቀር ሁሉም ፊሊፒኖች ናቸው፣ የተከራየሁት አልጋም እነሱ ክፍል ውስጥ ነው ያለው። ድግሳቸውን አውቀዋለሁ፣ ዕዳቸውንም አውቀዋለሁ። ስለዚህ ዝም ማለት አልቻልኩም።

መጀመሪያ አንድ ነገር ይታወቅልኝ። ፊሊፒኖች በየዓመቱ አይደግሱም። ተራው ልደት ቤት ውስጥ ያልቃል። ፓንሲት የሚሉት ፓስታ መሳይ ምግብ ይሠራል፣ ገንዘብ ካለ ኬክ ይገዛል፣ ይዘፈናል፣ ይበላል፣ አለቀ። ትልቁ ድግስ የሚደገሰው ሕፃኑ 1 ዓመት ሲደፍን፣ ከዚያ 7 ሲሞላው፣ ከዚያ ሴት ልጅ 18 ሲሞላት ነው። ለወንድ 21ኛው ነው ይባላል፣ ግን እንደ ሴቷ አይደምቅም፣ ብዙ ቤተሰብ ዝም ብሎ ያልፈዋል። እንግዲህ ቁጠሩት። በአንዲት ልጅ ዕድሜ ሦስት ድግስ ነው።

የ1 ዓመቱ ድግስ ምስጋና ነው። ድሮ ስንት ሕፃን ዓመት ሳይደፍን ይቀጠፍ ነበር፣ እኛም አገር እንደዛው ነበር፣ ስለዚህ ዓመት የደፈነ ልጅ ለቤተሰቡ ትልቅ ነገር ነው። እነሱ አብዛኞቹ ካቶሊክ ናቸው። እኛ ወንዱን በ40 ሴቷን በ80 ቀን ክርስትና እናስነሳለን፣ እነሱ ግን እንዲህ የተቆረጠ ቀን የላቸውም። እና አቅም ያነሰው ቤተሰብ ምን ያደርጋል መሰላችሁ? ክርስትናውን እስከ መጀመሪያው ልደት ያቆየዋል። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን፣ ከሰዓት ኬክ። አንድ ድንኳን፣ አንድ ምግብ፣ ሁለት ድግስ። ጸሐፊው አባካኝ ያሏቸው ሰዎች እንዲህ አስልተው የሚደግሱ ናቸው።

የክርስትና አባትና እናት ጉዳይ ደግሞ ለብቻው ነው። ቤተ ክርስቲያኗ የምትጠይቀው አንድ ወይም ሁለት ሰው ነው። ቤተሰቡ ግን አሥር ይጠራል፣ ሃያም የሚጠራ አለ። የአባትየው አለቃ፣ የእናትየው የሥራ ጓደኛ፣ ጎረቤት፣ የአክስት ባል፣ ሁሉም ኒኖንግ ወይም ኒናንግ ይሆናሉ፣ የክርስትና አባትና እናት ማለታቸው ነው። መጀመሪያ ስሰማ በዛብኝ። ቆይቶ ነው የገባኝ። ለልጁ ከሥጋ ዘመድ ውጪ ተጠያቂ ሰው እየሰበሰቡለት ነው። ገና ሲመጣ ልጆቹ በየቤታቸው ይዞራሉ። እኛ ጉልበት እንደምንስመው እነሱ የትልቅ ሰው እጅ ይዘው ግንባራቸው ላይ ያስነካሉ፣ ከዚያ ስጦታቸውን ይቀበላሉ። ትምህርት ቤት ክፍያ ሲጎድል፣ ልጁ ሲታመም፣ ሥራ ሲፈልግ መጀመሪያ የሚደወለው ለእነዚህ ሰዎች ነው።

7ኛው የልጁ የራሱ ድግስ ነው። የ1 ዓመቱን ልጁ አያስታውሰውም፣ ይሄኛውን ግን ዕድሜ ልኩን ያወራዋል። ለምን 7 ሆነ ብትሉ፣ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ልጅ ክፉና ደጉን መለየት የሚጀምርበት ዕድሜ ብላ የምትቆጥረው 7ን ነው። እኛስ ጋ ልጅ ጾም የሚጀምረው በ7 ዓመቱ አይደል? አሁን አሁን ለ18ኛው የሚደረገውን ወደ ታች አውርደው 7 ጽጌረዳ፣ 7 ፊኛ፣ 7 ስጦታ የሚያደርጉም አሉ። እሱ እንኳን ለፎቶ ነው ባይ ነኝ፣ ልጅ በ7 ዓመቱ መዝለል እንጂ ቆሞ ንግግር መስማት አይፈልግም።

ከተማ ያለ ቤተሰብ ከቻለ 7ኛውን ጆሊቢ ያደርገዋል። ጆሊቢ እ.ኤ.አ. በ1975 ኬዞን ሲቲ ውስጥ አይስክሬም ቤት ሆኖ የተጀመረ የእነሱ የፈጣን ምግብ ቤት ነው፣ አሁን ዱባይም አለ። ቀይ ጃኬት የለበሰች ትልቅ ንብ መጥታ ከልጆቹ ጋር ትጨፍራለች። እዚህ ያሉት እናቶች የንቧን ፎቶ ሲያዩ ዕንባ ይቀድማቸዋል፣ ምክንያቱም እነሱም በልጅነታቸው ወይ አግኝተውታል ወይ አምሯቸው ቀርቷል።

እኔ ግን የምወደው የጆሊቢውን ሳይሆን የግቢውን ነው። እዚህ መምዘር ፓርክ ውስጥ፣ ልጃቸውን ይዘው የሚኖሩ ባልና ሚስት የልጃቸውን 7ኛ ሲያከብሩ ነበርኩ። ፓቢቲን የሚሉት ነገር አለ። የቀርከሃ ፍርግርግ ነው። እያንዳንዱ ቀዳዳ ላይ ከረሜላ፣ ትንንሽ መጫወቻ፣ ሳንቲም የተቋጠረባት ፕላስቲክ፣ ብስኩት በክር ይንጠለጠላል። ፍርግርጉ በገመድ ዛፍ ላይ ይሰቀልና አንድ ሰው ገመዱን ይይዛል። ልጆቹ ከሥር ይሰበሰባሉ። ያወርደዋል፣ ይዘላሉ፣ ሊነኩት ሲሉ ይጎትተዋል፣ ጩኸቱ አያድርስ ነው። የዚያን ቀን ገመዱን የያዘው የልጁ አጎት ነበር፣ እና አንድ ነገር አስተዋልኩ። ትልልቆቹ በደንብ ከዘለሉ በኋላ ዝቅ አድርጎ ያቆመዋል፣ ትንንሾቹ እስኪደርሳቸው። አንዲት ሦስት ዓመት እንኳን የማይሞላት ልጅ ብስኩቷን በጥሳ እስክትወስድ ክንዱ እየተንቀጠቀጠ ገመዱን ይዞ ቆመ። ማንም እንዲህ አድርግ አላለውም። እነሱ ጋ ገመድ የያዘ ሰው እንደዚያ ነው የሚያደርገው።

ሌላም አለ። ዓይኑን የታሰረ ልጅ በዱላ የሸክላ ማሰሮ ይመታል፣ ሲሰበር ከረሜላው ይዘረገፋል፣ ይሄ ስፔን ትገዛቸው ከነበረበት ዘመን የቀረ ነው። ሙዚቃ ሲቆም ወንበር መሻማቱን ደግሞ እናንተም ታውቁታላችሁ፣ እነሱ «ጉዞ ወደ ኢየሩሳሌም» ነው የሚሉት። ይሄን ስሰማ በጣም ነው ደስ ያለኝ፣ እናቴ ዕድሜ ልኳን ኢየሩሳሌምን ለመሳለም ስትመኝ ነው የኖረችው።

ምግቡን ሳልነካ ማለፍ አልችልም። ልደት ያለ ፓንሲት ልደት አይደለም። ፓንሲት ከቻይና ነጋዴዎች የወረሱት ቀጭን ረጅም ፓስታ መሳይ ነገር ነው፣ አትክልትና ሥጋ ይገባበታል፣ ርዝመቱ የዕድሜ ምኞት ስለሆነ አይቆረጥም። አብራኝ የምትኖረው አቴ (አቴ ታላቅ እህት ማለት ነው፣ ሁላችንም እንደዛ ነው የምንጠራት) ሉክባን ከምትባል ከተማ ነው የመጣችው፣ በየዓመቱ ሜይ 15 ገበሬዎቹ ቤቶቻቸውን በአትክልትና በሩዝ ቂጣ የሚያስጌጡበት ከተማ ነው። እዚያ ፓንሲት በሙዝ ቅጠል ላይ ይቀርባል። ሹካ የለ፣ እጅ የለ። ኮምጣጤ ጠብ ይደረግበትና ቅጠሉ ወደ አፍ ተጠግቶ እንዲሁ ይበላል። እሷ ልደት ሲደርስ የሙዝ ቅጠል ፍለጋ ዲራን ታካልላለች፣ በሳህን አድርጊው ሲሏት አትሰማም።

ከዚያ ሙሉ አሳማ ጥብስ አለ፣ ሌቾን ይሉታል፣ እሱ ግን የትልቅ ድግስ ነው፣ እኔንም አይመለከተኝም። ስፓጌቲውን ግን ልንገራችሁ። እኛ ስፓጌቲን ከጣሊያን ተቀብለን በርበሬ ጨመርንበት። እነሱ አሜሪካ ስትገዛቸው በነበረ ጊዜ ተቀብለው ስኳር ጨመሩበት። ድልሁ የሚሠራው ከሙዝ ኬቻፕ ነው፣ ቋሊማ ተከትፎ ይገባበታል፣ አይብ ይፈረፈርበታል። ማሪያ ኦሮሳ የምትባል የምግብ ሳይንቲስት ነች ቲማቲም ሲወደድ በአገራችን ሙዝ እንሥራው ብላ ያመጣችው ይባላል፣ እ.ኤ.አ. በ1945 ማኒላ በጦርነት ስትጋይ ነው የሞተችው። የሙዝ ኬቻፑ ግን እስከ ዛሬ የልጆች ልደት ሁሉ ላይ አለ። ጣፋጭ ስፓጌቲ መጀመሪያ ስቀምስ አልዋጥልሽ አለኝ። አሁን ልጆቹ ሲበሉት ሳይ ይጥመኛል።

አሁን ወደ 18ኛው ልምጣ፣ ደብዳቤውንም የጻፍኩት በዋናነት ለእሱ ነው።

ደቡ ይሉታል። ድሮ የሀብታም ሴት ልጆች ለትልልቅ ቤተሰቦች የሚተዋወቁበት የዳንስ ምሽት ነበር፣ ቀስ በቀስ ወደ ሁሉም ቤት ገባ። ሕጉ ለአካለ መጠን መድረሻውን ከ21 ወደ 18 ያወረደው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው፣ ግን ለሴት ልጅ 18ኛው ከዚያም በፊት የተከበረ ነበር። ልጅቷ ሰፊ ቀሚስ ትለብሳለች። ጓደኞቿና የአጎት የአክስት ልጆቿ ጥንድ ጥንድ ሆነው ለሳምንታት የተለማመዱትን ዋልዝ ይደንሳሉ። ከዚያ 18 ወንዶች አንድ በአንድ ጽጌረዳ ይዘው ይመጣሉ፣ ጽጌረዳውን ይሰጧታል፣ ትንሽ አብረዋት ይደንሳሉ፣ ለሚቀጥለው ይለቃሉ። አያት አለ፣ አጎት አለ፣ የክርስትና አባት አለ፣ የክፍል ጓደኛ አለ። ብዙ ጊዜ መጨረሻው አባቷ ነው።

ቀጥሎ 18 ሴቶች ይመጣሉ። እያንዳንዷ ሻማ ታበራና ለልጅቷ ትናገራለች። ምክር የምትሰጥ አለች፣ ይቅርታ የምትጠይቅ አለች፣ በሕፃንነቷ ያደረገችውን የምታወራ አለች። ስጦታ የሚሰጡ 18 ሰዎችም አሉ፣ ባለ 1000 ፔሶ ሰማያዊ ብር የሚሰጡ 18 ሰዎች የሚያዘጋጅም አለ፣ እሱን እለፉት። እኔ የማልረሳው ሻማውን ነው። አስቡት እስቲ። 18 ትልልቅ ሴቶች ሰው ፊት ቆመው ለአንዲት ልጅ ስለ እሷ ብቻ ይናገራሉ። እኛ ልጃገረድ ሰብስበን እንዲህ የምንናገርላት መቼ ነው? ስትዳር ነው፣ ያውም ስለ ትዳሩ ነው የምንናገረው።

የአቴ ልጅ 18 የሞላት ዘንድሮ ነው። አቴ ጥላት የመጣችው በ4 ዓመቷ ነው። በመሃል ለእረፍት ሄዳ ታውቃለች፣ ግን ሰባተኛውንም በስልክ ነው ያየችው። የ18ኛውን ግን ከዱባይ ሆና እሷ ናት የደገሰችው። ማታ ማታ አልጋዋ ላይ ደብተር ይዛ ተቀምጣ ስም ትጽፋለች። የወንዶቹ 18፣ የሴቶቹ 18። ትጽፋለች፣ ትሰርዛለች፣ ልጅቷ ጋ ትደውላለች፣ ይነታረካሉ። ልጅቷ የክፍል ጓደኞቿን ማብዛት ትፈልጋለች፣ አቴ አሮጊት አክስቶች አይቀሩም ትላለች። እናትና ልጅ ይሄን ያህል ለረጅም ሰዓት ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ከዚያ በፊት ስልኩ ላይ «በላሽ? ተማርሽ? ብሩ ደረሰ?» ነበር ወሬው።

ገንዘቡ ከየት መጣ ካላችሁ፣ ጸሐፊውም ይሄን ነው ማወቅ ያለባቸው። ቀሚሱ ኪራይ ነው። ድግሱ የተደገሰው በቀበሌያቸው የቅርጫት ኳስ ሜዳ ላይ ነው፣ ጣራ ያለው ሜዳ በየሰፈሩ አላቸው፣ ወንበርና ጠረጴዛውንም ቀበሌው አዋሰ። አሳማውን አጎቷ ሰጠ፣ ያረባው ነው። ኬኩ የክርስትና እናቷ ነው። ዋልዙን ያለማመዳቸው የትምህርት ቤት መምህራቸው በነፃ ነው። ድምፅ ማጉያው የጎረቤት ነው። የቀረውን አቴ በፓሉዋጋን ሸፈነች። ፓሉዋጋን ዕቁብ ነው፣ ቁርጥ የእኛ ዕቁብ። ሳሎን ውስጥ ከእነሱ ጋር እኔም እጥላለሁ። የእኔ ተራ ቀድሞ ስለነበር ለቀቅኩላት። ዕዳ ያሉት ይሄ ከሆነ ዕዳ ነው፣ ግን ሰው ለሰው የሚሸከመው ዓይነት ነው።

ከሻማዎቹ አንዷ እኔ ነበርኩ። አቴ ዝርዝሩ ላይ ስሜን ስትጽፍ አየሁና «እኔ እኮ አታውቀኝም» አልኳት። «አንቺ እኔን ታውቂኛለሽ» አለችኝ። ስለዚህ በስልኬ ቀርጬ ላክሁ። እኔ እዚህ በመጣሁ ሰሞን ደመወዝ ሳይደርስልኝ እናትሽ ሩዟን እያካፈለች አከረመችኝ፣ ላንቺ ጫማ ስትገዛ ለእኔ ልጅም ቁጥሩን ጠይቃ ገዝታለች፣ ይሄን እወቂ አልኳት። መጨረሻ ላይ በአማርኛ «ለወግ ለማዕረግ ያብቃሽ» ብዬ መረቅኋት። አንዲት የአክስቷ ልጅ ሻማዬን አብርታልኝ ቪዲዮው በትልቁ ታየ። ማንም አማርኛ አያውቅም፣ ግን አጨበጨቡ።

የመጨረሻዋ ሻማ እናቷ ነች። ሉክባን ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ30 ሲሆን ዱባይ ከቀኑ 9 ሰዓት ከ30 ነው፣ ማለት ሳሎኑ የሚጨናነቅበት ሰዓት። አቴ አንዲት ደንበኛ ጸጉር ላይ ቀለም ጀምራ ነበር። ስልኩ ሲጠራ እጇ ላይ ጓንት፣ ጓንቱ ላይ ቀለም። ደንበኛዋ ራሷ ናት በመስታወቱ አይታት «ሂጂ፣ ሂጂ» ያለቻት። ቀለሙን እኔ አጠብኩላት። አቴ ፎጣ የሚታጠፍበት ጓዳ ገባች፣ ስልኩን ሻምፖ ጠርሙስ ላይ አስደገፈችው፣ በወዲያ በኩል ደግሞ አንድ ልጅ ስልኩን ማይክራፎን ላይ ደቅኖታል። የጻፈችው ወረቀት ነበር፣ አላነበበችውም። በታጋሎግ ስለነበር ሁሉም አልገባኝም። የልጅቷን ስም ደጋግማ ስትጠራ ግን ይሰማኛል። ኔትዎርኩ ሁለቴ ተቋረጠ፣ ሁለቴም ሜዳው ሙሉ ሰው ዝም ብሎ ጠበቃት። ስትጨርስ ወጥታ ፊቷን ታጥባ የሚቀጥለውን ደንበኛ ጠራች።

ጸሐፊው ይሄን ቢያዩ «ዕዳ» ብለው ባንዲት ቃል ይጨርሱት ነበር? አይመስለኝም።

የእሳቸው ነገር ጨርሶ ባዶ ነው አላልኩም። ፊሊፒንስ ውስጥ «አምስት-ስድስት» የሚሉት አራጣ አለ። አምስት ተበድረህ ስድስት ትመልሳለህ፣ ጊዜው ሲያልፍ ደግሞ ሌላ ነው። ለልደት ከዚያ የሚበደር አለ። እኛው ሳሎን ውስጥ ለልጇ 18ኛ የሆቴል አዳራሽ ተከራይታ፣ ኮንትራቷን አድሳ ሳትፈልግ እዚሁ የቀረች ሴት አውቃለሁ። ሆቴሉን የፈለገችው ልጅቷ እንኳን አልነበረችም፣ የባሏ ቤተሰብ ነው፣ «እናቷ ዱባይ እያለች እንዴት ሜዳ ላይ» ብለው። ይሄ በደል ነው፣ በደል እለዋለሁ። ልጅቷን አያስደስትም፣ እናቷን ደግሞ ያርቃል። ደግሞም ብዙ ልጆች ራሳቸው ድግሱ ይቅርብኝ፣ ገንዘቡን ለትምህርት ስጡኝ ወይም ከጓደኞቼ ጋር ባሕር ዳርቻ ልሂድ ይላሉ። ይሄም መልካም ነው። ጸሐፊው ሊወቅሱ ከፈለጉ የሆቴሉን ይውቀሱ፣ የአራጣውን ይውቀሱ። የቅርጫት ኳስ ሜዳውን ግን ለምን?

ሌላው ነገር፣ ፊሊፒንስ ሰዎቿን በመንግሥት ፖሊሲ ወደ ውጭ አገር ሥራ መላክ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ከውጭ የተላከላት ገንዘብ 33 ቢሊዮን ዶላር አልፏል። እዚህ ቁጥር ውስጥ ስንት ጓዳ ውስጥ የተደበቀ ልደት እንዳለ እኔ አይቻለሁ። እናት አብራ ስለሌለች ለልደቱ ትተጋለች። ካርቶን ሙሉ ቸኮሌት፣ ሳሙና፣ የታሸገ ሥጋ፣ ለእያንዳንዱ እንግዳ ልጅ የሚሰጥ ትንሽ ከረጢት፣ በመርከብ ሳምንታት ፈጅቶ ይደርሳል። አቴ እነዚያን ከረጢቶች አልጋዋ ሥር ስትሞላ ረድቻታለሁ። አንዱ ላይ አንድ እርሳስ ጎደለ ብላ ሁሉንም ፈትታ እንደገና ቆጠረች።

እና ነገሩ ወደ እኛ ሲመጣ እነግራችኋለሁ የት እንደሚያመኝ። አረብ አገር ያለን ብዙ ነን፣ ልጆቻችን እናቶቻችን ጋ ናቸው። ለልጅ ልደት ብላ ብር ከላከች «ይልቅ ቤት አትሠራም» ትባላለች። ቤት ስትሠራ ማንም አይናገራትም። ልጁ ግን ቤቱን አይደለም የሚጠይቃት፣ እንዳሰበችው ማወቅ ነው የሚፈልገው። በስልክ «እወድሃለሁ» ማለት ከእኛ አፍ በቀላሉ የሚወጣ አይደለም፣ ድፎ ዳቦ አስደፍቶ ሰው መጥራት ግን እናውቅበታለን። ዕድር አለን። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድስቱ አለ። ለሐዘን ሳይጠራ የሚመጣ ጎረቤት አለ። የክርስትና አባትና እናትም አለን፣ ብዙዎቹ ልጁን ካስነሱበት ቀን በኋላ የት እንዳሉ አይታወቅም እንጂ። ይሄ ሁሉ እያለን ልደት ሲሆን ብቻ አዳራሽ፣ ዲኮርና ፎቶ አንሺ የምንፈልገው ለምንድን ነው? ከፊሊፒኖች የምንወስደው ካለ ለእያንዳንዱ ሰው ሥራ መስጠቱን ነው። አንተ ጽጌረዳ፣ አንቺ ሻማ፣ አንተ ገመዱን ያዝ።

የእኔ ልጅ በመጪው ዓመት 7 ይሞላዋል፣ ደብረ ብርሃን እናቴ ጋ ነው ያለው። አዳራሽ አልከራይም። ሰባት ሰው ለይቼ እየጠራሁ ነው። ክርስትና አባቱ፣ መምህሩ፣ ከፎቁ ሥር ሱቅ ያላቸው ሽማግሌ፣ እህቴ፣ ሁለት ጎረቤቶች፣ እናቴ። እያንዳንዳቸው ስለ እሱ አንድ ነገር እንዲናገሩለት ነው የጠየቅኳቸው። ሽማግሌው «እኔ ምን አውቃለሁ» ብለው ነበር፣ አሁን በደወልኩ ቁጥር ያሰቡትን ይነግሩኛል። ፓቢቲኑን ወንድሜ ከሸንበቆ እሠራዋለሁ ብሏል፣ ቪዲዮ ልኬለታለሁ። ገመዱን ዝቅ አድርጎ ማቆሙን እንዳይረሳ አስጠንቅቄዋለሁ።

አዘጋጆች፣ ደብዳቤዬ እንደረዘመ አውቃለሁ። ቦታ ካጠረ የምግቡን ክፍል ቀንሱት፣ ስፓጌቲውንም ብታወጡት አልቀየምም። የሻማውንና የሜዳውን ግን እባካችሁ እንዳለ አትሙልኝ። ጸሐፊው መልስ መጻፍ ከፈለጉም ደስ ይለኛል፣ አነባለሁ።

አንባቢያችሁ፣
ዲራ፣ ዱባይ